ያልጮኸው ሽማግሌ

ሬሳውን ያዩት ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቪላ በቪላ በሆነው ኮረብታ ላይ፣ አናቱ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተዘረጋበት ረጅም ግንብ ሥር፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በደረቱ ተደፍቷል። አጠገቡ የዚያው ግቢ ዘበኛ እጁ በደም ተነክሮ ቁጭ ብሏል። ሴቶቹ ኡኡ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘበኛው ብድግ ብሎ፣ «ስለ እግዚአብሔር አትጩሁ! ቤት ውስጥ ሰው አለ» አላቸው። ይህች ቃል በኋላ ምርመራ መዝገብ ላይ ሰፍራ ሰውየውን ለገመድ ልታበቃው ምንም አልቀራት።

ኢንስፔክተር ዝማሬ ከፖሊስ መኪና ስትወርድ የታችኛው ሰፈር ሰው ቁልቁል ተኮልኩሎ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሚል ዓይን ተቀበላት። አልፈረደችበትም። እነሱ ተዘርፈው ሲደውሉ መኪናው ነዳጅ የለውም፤ እዚህ ኮረብታ ላይ ሰው ሲሞት ግን ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ኮማንደሩ ራሱ ቀድሟት ደርሷል። ዝማሬ የከተማው ተወላጅ፣ የመምህር ልጅ ናት። ይህን ነገር ለዓመታት አይታዋለች፤ አሁንም ባየችው ቁጥር ያንገበግባታል።

«ነይ ተመልከቺ» አላት ኮማንደር አንዳርጋቸው። «ኮንጎ ጫማ፣ ጋቢ፣ ዱላ። ባላገር ነው። ግን ምን ይዟል? ምንም! ባላገር ባዶ እጁን ከተማ አይመጣም። ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ማር ይይዛል፣ ቅቤ ይይዛል፣ ቢያጣ ቢያጣ አንድ ጣሳ ሽምብራ አያጣም። ራሱን ደግሞ እዪው፤ በምላጭ ሙልጭ ተደርጓል።»

«ታዲያ ምን ይመስልዎታል?»

«ወይ ከማረሚያ ቤት ያመለጠ ነው፣ ወይ መልኩን የለወጠ አጋች። ዘበኛው ከውስጥ በር ከፋች ነው። ሳይስማሙ ቀሩ፣ ተጣሉ፣ ገደለው።»

ዕገታ ከበዛ ወዲህ በከተማው ሀብታም የሆነ ሁሉ እንቅልፍ የለውም። ድሃውም የለውም፤ የድሃውን ግን የሚጠይቀው ሰው የለም። ዝማሬ በሬሳው ላይ አጎነበሰች። የሽማግሌው ፊት የክፉ ሰው ፊት አልመሰላትም፤ ቢሆንም ስንቱን ደግ ፊት በካቴና ስላሰረች በመልክ አትፈርድም።

«ኮማንደር፣ ገና አንድ ሰው እንኳ አላናገርንም።»

«የቤቱ ጌታ ከዱባይ ደውሎልኛል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰሊጥ የሚገዙት የውጭ ሰዎች በዚህ ሳምንት መጥተው የሚያርፉት እዚሁ ቤት ነው። ‹ከተማው ሰላም የለውም› ብለው ቢመለሱ ማን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ። ቶሎ ክስ ይመሥረት።»

ዘበኛው ቢያዝን ይባላል። ከአይከል ወዲያ ያለ መሬቱን ጥሎ ከመጣ ቆይቷል። እጁን ለካቴና ሲዘረጋ አልተከራከረም። ዞር ብሎ ያየው የግቢውን በር ብቻ ነው።

*

ሐኪሙ ነገሩን አሳጥሮ ነገራት። ሰውየው ተደብድቦ ነው የሞተው፤ ከወደቀ በኋላም ተመትቷል። ክንዱ ላይ ግን ሰው ዱላ ሲመክት የሚያገኘው ዓይነት ቁስል የለም።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ሐኪሙ። «ጥርሱ መሀል የጋቢ ክር ተሰግስጎ አገኘሁ። ጋቢው አፉ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ኮማንደሩ ይህን ሲሰማ ጭኑን መታ። «አፍኖታል! ‹አትጩሁ› ያለበት ምክንያት ይኸው ወጣ!»

ነገሩ ልክ ይመስላል። ዝማሬም ልክ ሳይሆን አይቀርም ብላ ቪላውን ለመጠየቅ ተመለሰች።

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ እጅጋየሁ ሳሎን ውስጥ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል። ከስልኳ ላይ እጇን አታነሳም።

«እኔ የእንቅልፍ ኪኒን ነው የምወስደው፣ ኢንስፔክተር። ባሌ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ ያለ ኪኒን አልተኛም። ማለዳ ገና ሳይነጋ በር ላይ ሰው ታየ፣ ከቤት የአደጋ ደወል ተጫንን፣ ቤቱን የሚጠብቀው የጥበቃ ድርጅት ሰዎች በሞተር መጡ። ‹ምንም የለም› ብለው ተመለሱ።»

«ዘበኛው ያን ጊዜ የት ነበር?»

«ቦታው ላይ አልነበረም።»

«ካሜራው ምን ቀረጸ?»

«ኔትወርክ አልነበረም» አለች ወይዘሮዋ፣ ቶሎ ብላ። ዝማሬ ኔትወርክ አልነበረም የሚል መልስ በዚህ ከተማ እውነትም ውሸትም ሊሆን እንደሚችል ስለምታውቅ አለፈችው።

ወጥ ቤት ውስጥ የቤት ሠራተኛዋን አገኘች። ይመኙሽ ትባላለች፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ገና የታጠፈበት ምልክት ያልለቀቀው አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ግድግዳው ላይ የግቢውን ዙሪያ የሚያሳይ ስክሪን ተሰቅሏል።

«አገርሽ የት ነው?»

«ከአዲ አርቃይ ወረድ ብሎ ነው፣ እትዬ።»

«ዘበኛውን በደንብ ታውቂዋለሽ?»

«አያ ቢያዝንን? ሸጋ ሰው እኮ ነው! ምነው አሰራችሁት? ሌባ መግደል ያሳስራል እንዴ?» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፣ እትዬ። የልጄን ፎቶ በስልክ ሳሳየው እንደ አያት ይስቃል። ቃልኪዳን ትባላለች። አባቴ ዘንድ ናት፤ ለትምህርት ቤት ሳመጣት እሱ ራሱ ሊያመላልስልኝ ቃል ገብቶልኛል።»

«የሞተውን ሰው አይተሽዋል?»

«ኧረ የለም! እሜቴ ከበር አትውጪ አሉኝ። ሌባ ምን ይታያል?»

«ቀሚስሽ ያምራል።»

ይመኙሽ ደስ አላት፤ አቀረቀረች። «እሜቴ ናቸው የሰጡኝ። የዱባይ ነው።»

*

የጥበቃ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሞተሮች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ታጥበው ፀሐይ ላይ የተሰጡ ቡትስ ጫማዎች አሉ። የፈጥኖ ደራሾቹ አለቃ ምስጋናው ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ ነው። ወታደር ቤት ቆይቶ የመጣ ይመስላል፤ ሲናገር ተረከዙን ይገጥማል።

«ጥሪ ደረሰን፤ ሄድን፤ ዙሪያውን ፈተሽን፤ ምንም የለም፤ ተመለስን።»

«የካሜራው ማጠራቀሚያ ሳጥን ከግቢው ተነስቷል።»

«ለጥገና ነው የወሰድነው።»

«ሰው የሞተ ዕለት?»

ምስጋናው ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ እኛ ሰው ብንመታ ሰውየው አይጮህም ነበር? እስቲ ሰፈሩን ጠይቂ።»

ጠየቀች። በዚያ ኮረብታ ላይ ያሉትን በሮች በሙሉ አንኳኳች። የሞተር ድምፅ የሰማ አለ፤ የሰው ጩኸት የሰማ ግን አንድም አልተገኘም። ውሾች እንኳ ብዙ አልጮኹም አሏት። ማረሚያ ቤትም ሄደች፤ ያመለጠ ሰው የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት፤ ቀኑ እንዲሁ መሸ።

የቀራት ዘበኛው ብቻ ነው። ቢያዝንን አስጠርታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«አያ ቢያዝን፣ ሰውየውን አንቱ ገደሉት?»

«አልገደልሁትም።»

«ማን ነው ሰውየው?»

ዝም።

«ደሙ እጅዎ ላይ እንዴት መጣ?»

«ላነሳው ብዬ ነው። ነፍስ ያለው መስሎኝ።»

«ቦታዎን ጥለው የት ሄዱ?»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው የሆነባት። ዝማሬ ተቆጣች፤ የሚጠብቀውን ቅጣት አንድ በአንድ ነገረችው፤ ልጆቹንና ሚስቱን አነሳችበት። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ስትጨርስ ቀና አለና፣ «ልጅቱስ?» አላት።

«የትኛዋ ልጅ?»

«ይመኙሽ። ሰው ምን ነገራት?»

ዝማሬ ጀርባዋን አቀናች። «ምን እንዲነገራት ነው የፈሩት?»

«ምንም። ብቻ ሰዎች እስኪመጡ ታገሺኝ። ስንቅ ስታመጣልኝ ሚስቴን ልኬባቸዋለሁ፤ መንገድ ከተከፈተ ይመጣሉ። እነሱ ይምጡና ከዚያ ወዲያ እንዳሻሽ አድርጊኝ፣ ልጄ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

ይህን ለኮማንደሩ ስትነግረው ደስታው ወሰን አጣ። «ግብረ አበሮቹ ናቸዋ! ሠራተኛዋም አለችበት። ነገ በማለዳ ይዘሻት ትመጫለሽ።» ዘበኛና ሠራተኛ ተስማምተው ጌታቸውን ያሳገቱበት ታሪክ በከተማው ስንት ጊዜ ተወርቷል። የእጅ ካቴናውን ቦርሳዋ ውስጥ ስትጨምር ግን ያ የአዲስ ቀሚስ ደስታ ትዝ አላትና ከፋት።

*

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከቤቷ ወጣች። ሁለት ቤት እንዳለፈች የጎረቤቷ የነርሷ በር ላይ ሰዎች አየች። ጋቢና ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የተቀመጠ የለም፤ የሚያወራ የለም። ዝማሬ «እንደምን አደራችሁ» ልትል ስትል የዕድሩ ዳኛ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከለከሏት።

ጠጋ አለች። «ምንድን ነው?»

«ወንድሟ ነው» አሏት በሹክሹክታ። «መተማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ። ሳትበላ፣ ለሥራ ሳትወጣ እንንገራት ብለን ነው። ሁለት ሰዎች ቀርተውናል፤ ሰዎች እስኪመጡ ነው።»

ዝማሬ የቆሙትን ሰዎች እጅ አየች፤ አንዳቸውም ምንም አልያዙም። መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው ማር ይዞ አይመጣም። ቅቤ ይዞ አይመጣም። የራሱ ሐዘን ከሆነም ራሱን ተላጭቶ ነው የሚመጣ። በሩን አንኳኩቶ አይገባም፤ ሰው እስኪሰበሰብ፣ እስኪነጋ፣ ቆሞ ይጠብቃል። የመጣበትን ጉዳይ ለሠራተኛም ለመንገደኛም አይዘራም፤ ባለቤቱ ሳይሰማ መርዶ አስቀድሞ አይወጣም። ቤት ውስጥ ያለው ሰውም በጩኸት እንዲነቃ አይደረግም።

ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የእናቷ መርዶ እንዲሁ በጎህ ነው የተነገራት። ባላገር፣ ዱላ፣ የተላጨ ራስ የሚል ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ሌባ ብቻ ነው የታያት። ፖሊስነት ዓይኗን ጋርዶት እንደነበር ሲገባት አፈረች። ከኋላዋ በሩ ተንኳኳ፤ ጥቂት ቆይቶ የነርሷ ጩኸት ሰፈሩን ቀደደው።

ዝማሬ ወደ ኮረብታው አልወጣችም። ጣቢያ ሄዳ ቢያዝንን አስወጣችው። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አያ ቢያዝን፣ የሞተው ማን ነው?»

«ቦይ ውስጥ ያለው…»

«እሱን አይደለም የምጠይቅዎት። ሽማግሌው ይዞት የመጣው መርዶ የማን ነው?»

ሰውየው አያት አያትና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ።

«የሕፃኒቱ» አለ በመጨረሻ። «የቃልኪዳን። ትኩሳት ጣላት። መንገድ ተዘግቶ መኪና ጠፋ። አያትየው አዝሏት በእግሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገሰግስ ጀርባው ላይ እንዳለች አለፈች። ሳያውቅ እያወራት ብዙ መንገድ ሄዷል፤ እሱው ነው የነገረኝ።»

«አያትየው… ሽማግሌው ማለት የይመኙሽ አባት ነው?»

«አያ ሐብተ ማርያም። ‹ለሰው አልሰጥም፣ እኔው ነኝ የምነግራት› ብሎ ተነሳ። ማለዳ ጨለማው ሳይገፈፍ በር ላይ ደረሰ። ከተማ ያለው የአገራቸው ሰው ኃይለ ማርያም ነው፤ ግንበኛ ነው፣ ያን ግንብ የካበው እሱ ነው። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ እሱን ልጥራ ብዬ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረድሁ። ‹አንቱ እዚህ ይቁሙ፣ አያንኳኩ፣ ልጅቱ እንዳትሰማ› አልሁት። እኔ ነኝ ያቆምሁት! ኃይለ ማርያምን ከቤቱ አጣሁት፤ ባዶዬን ስመለስ ቦይ ውስጥ ተጥሎ አገኘሁት።»

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜውኑ አልነገሩንም?»

«ለማን ልንገር? ሬሳው የማን ነው ባልሁ ወሬው ግንቡን ዘሎ ይገባል። ልጇንም አባቷንም በፖሊስ አፍ፣ ድስት እንዳጠበች ትስማው? ቃል ሰጥቸዋለሁ እኮ። ዘመዶቿ ይምጡ፣ በወጉ ይንገሯት፣ ያን ጊዜ እናገራለሁ ብዬ ነው።»

«ሊሰቅሉዎት ነበር እኮ፣ አያ ቢያዝን።»

«አይ፣ ሰው ይመጣል ብዬ ነው» አለ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

*

ወይዘሮ እጅጋየሁ ቁርስ ላይ ነበረች። ዝማሬ የሳሎኑን በር ዘጋች፤ ይመኙሽ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ ትታያለች።

«ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ ሌባ ያላችሁት ሰው የይመኙሽ አባት ነው። የልጇን መርዶ ይዞ ነበር የመጣው።»

ሴትየዋ ሹካዋን ማስቀመጥ አቃታት። ከመስኮቱ ማዶ የሚታየውን አዲስ ቀሚስ አየችና ስልኳን ከፍታ ለዝማሬ ሰጠቻት። ሳጥኑ ቢነሳም ምስሉ በኢንተርኔት ተሻግሮ ዱባይና እዚህች ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

«ባሌ ነው ለማንም እንዳታሳዪ ያለኝ። እንግዶቹ እስኪመጡና እስኪሄዱ ብሎ። እሱ እዚያ ሆኖ ሲደበድቡት እያየ ነበር። ‹ደግ አደረጉ› አለኝ። እኔ አላየሁትም፤ ፈርቼ አልከፈትሁትም።»

ዝማሬ ከፈተችው። ግራጫ በሆነው ምስል ውስጥ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሟል። አይንቀሳቀስም። አንድ ጊዜ ብቻ እጁን አንስቶ የግቢውን በር ዳሰሰው፣ እንደገና መለሰው። ከዚያ የሞተር መብራት ግንቡን አጥለቀለቀው። ምስጋናው ከፊት ነው፤ ሌሎቹ ተከትለውታል። ምስሉ ድምፅም አለው። «ማን ላከህ? ስንት ናችሁ?» ይላሉ። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ለመናቸው፤ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ፣ ወደ ቤቱ አመለከተ። ያን ሲያይ ምስጋናው «ውስጥ ሰው አለው!» ብሎ ጮኸ፤ ያን ጊዜ ዱላው ወረደበት።

የቡትሱም የቆመጡም ድምፅ ይሰማል። የሽማግሌው ግን አይሰማም። ሲወድቅ የጋቢውን ጫፍ በገዛ እጁ ሰብስቦ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው፤ ነከሰው። እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ያፈነው ሰው የለም። ልጁ ከግንቡ ወዲያ ናት፤ በአባቷ ጩኸት መርዶዋን እንዳትሰማ ነው ድምፁን የዋጠው።

ዝማሬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ለዓመታት በዚህ ሥራ ስትኖር ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ዕለት አለቀሰች።

ትንሽ ተረጋግታ፣ «ደወሉን ማን ነው የተጫነው?» አለች። መዝገብ የሚጠይቀው ነገር ስለሆነ እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ወይዘሮ እጅጋየሁ ወደ መስኮቱ አየች። «እሷ ናት። ለሥራ ማልዳ ስትነሳ ስክሪኑ ላይ አየችው። ፊቱን ተከናንቧል፣ ዘበኛው የለም። ‹ሰው በር ላይ ከቆመ ተጫኚ› ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሲነጋ ‹ጎበዝ፣ ቤቴን አዳንሽልኝ› ብዬ ቀሚሱን ሸለምኳት።»

*

ምስጋናውና ሰዎቹ በዚያው ቀን ታሰሩ። ምስጋናው ሲያዝ፣ «እኛ የታዘዝነውን ነው ያደረግነው፤ አንድ ቤት ከተዘረፈ እኛ ነን የምንባረረው» አለ፤ ዋሸ ለማለት ይከብዳል። እናቱ ከታችኛው ሰፈር እያለቀሰች ስንቅ አመጣችለት። ድርጅቱ ሳይውል ሳያድር ሌላ ቡድን በሌላ ሞተር ተካ። ዱባይ ያለው ሰው ለምስክርነት እንኳ ይጠራ ስትል ኮማንደር አንዳርጋቸው፣ «ዝማሬ፣ አቅማችንን እንወቅ» አላት። የሰሊጥ ገዢዎቹ ማረፊያም ወደ ሆቴል ተዛወረ፤ ስለ ከተማው ሰላም ክፉ የሰማ እንግዳ አልነበረም።

ቢያዝን ተለቀቀ። ወደ ቤቱ ግን አልሄደም። ከኃይለ ማርያም ጋር ሆኖ የልጅቱን አገር ሰዎች ከየጉልት ገበያውና ከየግንባታው ሲሰበስብ ዋለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኮረብታው ላይ፣ ግንቡ ሥር፣ ጋቢና ነጠላ የተከናነቡ ሰዎች ቆሙ። ስክሪኑን ወይዘሮ እጅጋየሁ ራሷ ነቅላዋለች። ዝማሬ የደንብ ልብሷን አውልቃ ነጠላ ለብሳ ከሴቶቹ መሀል ቆመች።

«ዛሬ የልጇን ብቻ ነው የምንነግራት» አለ ኃይለ ማርያም። ትልቅ ሰው ነው፣ ድንጋይ የጠረበ እጅ አለው። «ሁለት መርዶ ባንድ ጧት ሰው አይሸከምም። የአባቷን ሐዘኑ ጋብ ሲል፣ አገሯ ስትገባ ዘመዶቿ ይነግሯታል። የደወሉን ነገርማ ኢንስፔክተር ትያዝልን።»

ዝማሬ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ቢሆንም ቢያንስ ዛሬ እንዳትሰማ አለችና ራሷን ነቀነቀች።

በሩን የከፈተችው ወይዘሮዋ ናት። ይመኙሽ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ መጥረጊያ ይዛ ቀና ስትል የአገሯን ሰዎች አየች። ቢያዝንን አይታ ፈገግ ልትል ነበር። ፈገግታዋ ግማሽ ላይ ቆመ።

«ምነው?» አለች። «ምነው አያ ቢያዝን? ምነው ሁላችሁም?»

ኃይለ ማርያም ቀረበና፣ «ልጄ፣ እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደው። ቃልኪዳን…» አለ። የቀረውን የሴቶቹ እንባ ነገራት።

ይመኙሽ መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ተንጋግተው እጆቿን ያዙ፤ ፊቷን እንዳትነጭ ከለከሏት። «ቀሚስ ገዝቸላት ነበር! ደብተር ገዝቸላት ነበር! እናት የሌላት ሆና ሞተች ልጄ፣ የሰው ድስት ሳጥብ!» እያለች ጮኸች። ወይዘሮ እጅጋየሁ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ፣ ወደ ሰዎቹ መሀል ለመግባትም ወደ ቤት ለመመለስም ድፍረት አጥታ ታለቅሳለች። ኮረብታው ላይ ያሉት መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ የሚጠይቅ ሰው ግን አልወጣም።

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ የሰጧትን ውሃ ሳትቀምሰው በእጇ እንደያዘች፣ ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። አንድ ሰው ትፈልጋለች።

«አባቴስ?» አለች።

አንዷ ሴት ውሃውን ወደ አፏ አስጠጋችላት።

«አባቴ እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው አይሰጥም። እሱ ራሱ ነበር የሚመጣልኝ። ምነው አባቴ አልመጣ?»

ኃይለ ማርያም መሬት መሬት አየ። ቢያዝን ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ይመኙሽ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተመላለሰች መጨረሻ ላይ ዝማሬ ላይ ደረሰች። ዝማሬ ስንቱን ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት። አሁን መዋሸትም ዝም ማለትም እኩል አቃታት።

«መጥቶ ነበር፣ እህቴ» አለቻት።

«መቼ?»

የሴቶቹ ልቅሶ ቆመ። ይመኙሽ ውሃውን አስቀመጠች። በወጥ ቤቱ በር የተነቀለው ስክሪን የነበረበትን ባዶ ግድግዳ አየች።

«ጋቢ ለብሶ?» አለች።